የመጨረሻው ቤት መብራት

ትሕትና ወልደገብርኤል ያደገችው ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ፣ የመብራት ገመዱ ከሚያልቅበት ቤት ነው። ከእነሱ በላይ ባሕር ዛፍ እንጂ ሰው የለም። ቆጣሪው ያለው ታች፣ እትዬ የማርያምወርቅ ግቢ ውስጥ ሲሆን ገመዱ ከዚያ ተነሥቶ፣ በየግንዱ እየታሰረ፣ በየቤቱ እየተቀጠለ ሽቅብ ይወጣል። እነ ትሕትና ቤት ሲደርስ ኃይሉን ሁሉ ጎረቤት ተካፍሎታል። ማታ ሰፈሩ በሙሉ ሲያበራ የእነሱ አምፖል እንደ ፍም ይቀላል፤ ልጅቷ የቤት ሥራዋን የሠራችው በዚያ ቀይ ብርሃን ነው። ዓይኗ ደህና የወጣው በእመቤታችን ቸርነት ነው ይላሉ እናቷ ወይዘሮ ዘቢደር።

ሰፈሩ ግን ለዚህ መላ አላጣም። ድግስ ያለበት ሰው ጠዋት በአጥር በኩል ይጣራል። “ዛሬ ተራው የኔ ነው፣ ምድጃ አጥፉልኝ” ይላል። የሰማ ለበላዩ ያስተላልፋል፤ ሁሉም የኤሌክትሪክ ምድጃውን አጥፍቶ በከሰል ይውላል። ይህን ማንም አልደነገገውም። ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነ ሰው ግን የራሱ ድግስ ሲደርስ ወጡ ጥሬ ሆኖ ይውላል፤ ስለዚህ ሁሉም ይሰማል።

ትሕትና አሁን ከተማው ማዶ፣ መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ የምትሠራውም እዚያው አቅራቢያ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ባለች ትንሽ ቢሮ ነው። ሥራዋን ለእናቷ ማስረዳት ቢያቅታት በመጨረሻ “መብራት ነው የምዘረጋው” ብላ ተገላግላለች። ወይዘሮ ዘቢደርም ልጄ መብራት ኃይል ገባች ብለው ለማኅበርተኞቻቸው አወሩ። ነገሩ ውሸት ነው ለማለትም ያስቸግራል። ቢሮው የሚሠራው የቺፕ ንድፍ ነው። ከጣት ጥፍር በምታንስ ቁራጭ ላይ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ክፍሎች ይደረደራሉ፤ ክፍሎቹ ሁሉ ኃይል ይፈልጋሉ። ኃይሉ ከአንድ ወገን ይገባና በቀጫጭን የብረት መስመሮች እየተከፋፈለ እስከ ጥግ ይደርሳል። የትሕትና ሥራ እነዚያን የኃይል መስመሮች የት እንደሚያልፉና ምን ያህል እንደሚሰፉ መወሰን ነበር። መስመሩ ሲሰፋ መልእክት ለሚያመላልሱት ሌሎች መስመሮች ቦታ ይጠፋል፤ ሲጠብ ደግሞ ጥግ ላይ ያለው ክፍል ይራባል። መሐንዲሱ ሁሉ ዕድሜውን የሚጨርሰው በዚህ ክርክር ነው።

የሰሞኑ ቺፕ ለውሃ ቆጣሪ የሚገባ ነው። ደንበኛው ውጭ አገር ያለ ድርጅት ሲሆን፣ ለዚያች ቢሮ አንድን ንድፍ ከሥር እስከ ጫፍ አምኖ የሰጠ የመጀመሪያው ነበር። አለቃዋ ግሩም ይህን ሥራ ለማግኘት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቷል። ተቀብሎ ሲመጣም የኃይል መስመሩን ለትሕትና ሰጠ፤ በእሷ እምላለሁ ብሎ ለደንበኛው ተናግሯል።

የሥራ ባልደረባዋን ሶሬቲን ግን የትሕትና ንድፍ አልጣማትም ነበር። ሶሬቲ ወሬ የማታበዛ፣ ስትናገር ግን የማትለቅ ልጅ ናት። በስብሰባ ላይ መስመሩ ቀጥኗል አለች። የመልእክት መስመሮቹን አጠጋግታ፣ የኃይሉን ግን ወፍራም አድርጋ የሠራችውን የራሷን ንድፍም አሳየች። ክፍሎቹ ሁሉ በአንዴ ቢነሡስ ብላ ጠየቀች። ደንበኛው ክፍሎቹ በሥራ ላይ በየተራ እንጂ አብረው አይሠሩም ብሎ ጽፎላቸዋል፤ ትሕትናም ይህን ይዛ ተከራከረች። ክርክሩን ብቻ ብታሸንፍ ጥሩ ነበር። እሷ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ሶሬቲ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰፈር ወፍራም ገመድ አያስፈልገውም። እኔ እዚያ ነው ያደግኩት” አለቻት። ሰው ሳቀ። ቀጥላም ሁለት ንድፍ ካለ አንድ ቀን የተሳሳተው ይላካልና ያንቺን ደምስሺው ብላ አዘዘች። ሶሬቲ ፊቷ ቀልቶ ተቀመጠች።

ንድፉ ለፋብሪካ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ላይ ዋለ፤ ሰዓቱም አሥራ አንድ። ፋብሪካው ከብዙ አገር የመጡ ንድፎችን ሰብስቦ አንድ ላይ ስለሚያትም፣ ያመለጠው ለሚቀጥለው ዙር ወራት ይጠብቃል። የተላከው ደግሞ ከታተመ በኋላ አይታረምም፤ ድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ነው። ትሕትና ግን ዓርብ ዕለት ሁሉን አይታ፣ ደህና ነው፣ ላከው ብላ ለግሩም ቃሏን ሰጥታ ነበር። ቅዳሜ የማርያም ዕለት ስለነበረና የማኅበሩ ተራ የእናቷ ስለሆነ በማለዳ ወደ እንጦጦ ወጣች።

ወይዘሮ ዘቢደር ከንጋት ጀምሮ በአጥር በኩል ተጣርተው ሰፈሩን ምድጃ አስጠፍተዋል። ወጡም ደረሰ፣ ማኅበርተኞቹም ተሰበሰቡ፣ ቄሱም ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ። ትሕትና ነጠላዋን አደግድጋ ስታስተናግድ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መብራት ድርግም አለ። የሰፈሩ ብቻ አልነበረም፤ ተራራው በሙሉ ጠፋ። ማንም አልደነቀውም። ወጡ ቢቀዘቅዝም ይበላል ተባለ፤ ጨዋታውም ቀጠለ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መብራቱ መጣ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ቤቱን አደመቀው፤ አንዷ ማኅበርተኛ እልል ለማለት አፏን ከፈተች። እልልታው ሳይወጣ ታች በኩል ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና ቤቱ ተመልሶ ጨለመ። የእትዬ የማርያምወርቅ ፊውዝ ነበር። ወይዘሮ ዘቢደር ተቆጡ። ጠዋት ሁሉም አጥፍቻለሁ ብሎ የለም ወይ፣ ማን ነው ተራዬን የረገጠው አሉ።

እትዬ የማርያምወርቅ ጉልበታቸውን እያሹ ሳቁ። “ማንም አልረገጠብሽ ዘቢደር። መብራቱ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ምድጃውን ከፍቶ ተወው፣ ሲመጣ እንዲያውቅ። እኔም ቤት ደርሼ የራሴን ከፍቼ ነው የተመለስሁ። ለመሆኑ መብራት ሲመጣ ተራ የሚጠራው ማን ነው?”

ሴቶቹ ሳቁ። ትሕትና ግን የወጥ ጭልፋ እንደያዘች ባለችበት ቀረች።

የውሃ ቆጣሪው ቺፕ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። በየጊዜው ይነቃል፣ ውሃውን ይቆጥራል፣ መልሶ ይተኛል። ከነቃ በኋላ ክፍሎቹ በየተራ እንደሚሠሩ እውነት ነው፤ እሷም የፈተነችው ከነቃ በኋላ ያለውን ነው። በሚነቃባት ቅጽበት ግን ሁሉም ምድጃውን ከፍቶ የሚጠብቅ ነው። ኃይሉ ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ይስባል። በቀጭኑ መስመር ጫፍ፣ ጥግ ላይ ያለው ክፍል ምን ሊደርሰው ነው? ይህን ደግሞ ሶሬቲ ጠይቃ ነበር። ለሶሬቲ ጥያቄ መልስ ብላ የሰጠችው የሰፈሯን ወግ ነው፤ ወጉንም አንድ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻው አስባው አታውቅም።

ስልኳን አነሣች። ኔትወርክ የለም፤ የኔትወርኩ ማማ ከመብራቱ ጋር ጠፍቶ ገና አልተመለሰም። ጭልፋውን አስቀምጣ ጫማዋን መፈለግ ስትጀምር እናቷ አይተው ከጓዳ በር ላይ ያዟት። ማኅበርተኛ አስቀምጠሽ ወዴት ነው አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“እማዬ፣ ሥራዬ ላይ ያጠፋሁትን አሁን ነው ያየሁት። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ካልደረስኩ አይመለስም።”

“የኔስ ተራ? ዓመት የጠበቅሁት?”

ትሕትና ጫማዋን አጠለቀች። እናቷ ፊታቸውን አዞሩ፤ እሷም ወጣች። በእግሯ ቁልቁል ሮጠች።

ቅዳሜ ደግሞ ከተሜው በሙሉ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣበት ቀን ነው። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ፣ ሹፌሩ ሁሉ ክላክስ ላይ ተኝቷል። ፎቶ የሚነሣው፣ ፈረስ የሚከራየው፣ ልጁን በትከሻው የተሸከመው፣ በዚህ ሁሉ መሀል የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቁልቁል ስትሮጥ ሲያይ አንዳንዱ መንገድ ለቀቀላት፣ አንዳንዱም የሸሸች ሙሽራ መስላው ዘወር ብሎ ተመለከተ። ከብዙ መንገድ በኋላ አንድ ሚኒባስ አገኘች። ረዳቱ እስኪሞላ እንጠብቅ አለ። የጎደለውን ወንበር እኔ እከፍላለሁ ብትለው አላመነም፤ ከፍላ ስታሳየው ብቻ በሩን ዘጋ።

ሽሮ ሜዳ ሲቃረቡ ስልኳ ነቃ። ግሩም አነሣ፤ ድምፁ የደስታ ነበር። ትሕትና ሰላምታም ሳትሰጠው እንዳትልከው አለችው።

“ላክሁት እኮ” አለ ግሩም። “መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ምን ልጠብቅ? ጠዋት ነው የላክሁት።”

በዚህ ከተማ የሚልከው ነገር ያለው ሰው መብራት ሳይጠፋ ነው የሚልከው፤ ግሩም ላይ አይፈረድም። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር። ፋብሪካው ሳይዘጋ መመለስ ወይም መተካት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ይቻላል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለ፤ ግን ለምን? አላት። አሁን ድምፁ ተለውጧል። መጥቼ እነግርሃለሁ፣ ሶሬቲንም ጥራልኝ አለችው። ከዚያ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም እስከ መሪ ያለውን መንገድ እንዴት እንዳለፈች አታውቀውም።

ቢሮው ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሶሬቲ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች መጥታ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። ትሕትና እንደቆመች ተናገረች፤ ሲነቃ ያለውን ቅጽበት አልፈተንኩትም አለች። ሶሬቲ ወንበሯን ለቀቀችላት። ትሕትና ክፍሎቹ ሁሉ በአንዴ እንዲነሡ አድርጋ ፈተናውን አዘጋጀችና ኮምፒውተሩ ማስላት ጀመረ።

መጠበቁ ከሩጫው ባሰ። ውጭ የሕንፃው ጄኔሬተር ያጓራል። ግሩም እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል። በመጨረሻ የኮምፒውተሩ ስክሪን በቀለም ተሞላ። ኃይሉ በሚገባበት ወገን ያሉት ክፍሎች ደህና ተነሥተዋል፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ኃይሉ እየወረደ ይሄዳል። ጥጉ ጋ ያለው ጭራሽ አልነቃም። ፕሮግራሙ በቀይ ቀለም ነበር የሚያሳየው። ትሕትና ያንን ቀይ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

“ወፍራሙ ንድፍ” አለች ወደ ሶሬቲ ዞራ። “ያንቺ። እሱን እንተካው፣ ጊዜ አለን።”

ሶሬቲ ባዶውን ማኅደር ከፍታ አሳየቻት። “ደመሰስኩት። ደምስሺው ብለሽኝ የለ?”

ተንኮል አልነበረበትም፤ ተንኮል ቢኖርበት ለትሕትና ይቀላት ነበር። የቢሮው ማስቀመጫ ጠባብ በመሆኑ የተደመሰሰ ነገር ከሳምንት በላይ አይቆይም፤ ያ ስብሰባ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። ትሕትና ደምስሺው ያለችበት ቃና፣ የተሳቀው ሳቅ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ታወሳት።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለማዳን ሞከሩ። ለጥጉ ክፍል ብቻ በሌላ ወገን አንድ ተጨማሪ መስመር ለማስገባት ቦታ ፈለጉ። አንዱን የመልእክት መስመር ሲያነሡ ሦስቱ ይጋጫሉ፤ ሦስቱን ሲያስተካክሉ ሌላ ቦታ ይፈርሳል። ሶሬቲ ትናገራለች፣ ትሕትና ታንቀሳቅሳለች፤ ያ ሁሉ ጠብ ተረስቶ እንደ አንድ ሰው ይሠሩ ነበር። ግን የስሕተት ምልክቱ እየበዛ ሄደ እንጂ አልቀነሰም። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሶሬቲ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። አይደርስም አለች።

ግሩም በዚህ ጊዜ ወንበር ስቦ መሀላቸው ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀስ ብሎ፣ ምናልባት ጥፋቱ አይደርስ ይሆናል አለ። የቆጣሪው ባትሪ ጠንካራ ከሆነ፣ ክፍሎቹ ትንሽ ቢለያዩ፣ ፈተናው ከእውነቱ የከፋ ቢሆን። “ደግሞም ደንበኛው ራሱ ነው አብረው አይሠሩም ብሎ የጻፈልን። ቢበላሽ በእኛ አይደለም። ብንመልሰው ግን ሥራው ሄደ። ቢሮውም ሄደ። ቃል ያልሽኝ አንቺ ነሽ ትሕትና፤ አሁንም አንቺ ተናገሪ።”

ግሩም ክፉ ሰው አይደለም። የዓመት ልፋቱ በግማሽ ሰዓት ሲሄድ የሚያይ ሰው ሌላ ምን ይላል? ትሕትናም ቅዱስ አልነበረችም፤ ይሂድ፣ ዝም እንበል ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስቱም ዝም ቢሉ የሚያውቅ የለም። ስሟም አይጠፋ፣ ሶሬቲ ፊትም አትዋረድ። ይህን በእውነት ፈለገችው፤ በጣም ፈለገችው።

ሶሬቲ ቀዩን ቦታ በጣቷ ነካች። “ይሄ ጥጉ ጋ ያለው ምን የሚሠራው ነበር?” ብላ ጠየቀች፤ የምትጠይቀው ለማወቅ ነበር እንጂ ለመውጋት አልነበረም።

የተቆጠረውን የሚያስታውሰው ክፍል ነው። እሱ ካልነቃ ቆጣሪው ያለፈውን ይረሳል። ሌሎቹ ሁሉ ጤነኛ ስለሚመስሉ ጥፋቱ አይታይም፤ ሰው ሁሉ ደህና ነው ይላል፣ እሱ ብቻ ጥግ ላይ ጨልሞ ይቀራል። ትሕትና ያን ቤት ከሌላው ሰው ሁሉ በተሻለ ታውቀዋለች። ታች ያለ ሰው መብራት ደህና ነው ሲል፣ ላይ ሆና በቀይ አምፖል ሥር ፊደል ስትፈልግ ያደገች ናት።

“የመጨረሻው ቤት ነው፣ ግሩም” አለች። “ማንም ሳይሰማው ይጨልማል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔ ብዬ ጻፍ። አስመልሰው።”

ግሩም ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ስቦ ጻፈ። ለደንበኛውና ለፋብሪካው የተጻፈው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ እኔ ብለህ ጻፍ ያለችውን ግን አልሰማም፣ እኛ ብሎ ጻፈ። ላከው። አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከደንበኛው አንዲት መስመር መልስ መጣች፤ ንድፉ ተመልሷል፣ ሰኞ እንነጋገራለን የምትል። ግሩም ወደ በረንዳ ወጣ።

ምሽት ላይ ትሕትና ለእናቷ ደወለች። ማኅበሩ በሰላም ተፈጽሟል፣ ጽዋው ለእትዬ የማርያምወርቅ ተሰጥቷል፣ ፊውዙም ተሠርቷል አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። ሥራሽስ ተሳካ ብለው ጠየቁ።

“አልተሳካም እማዬ። አስቆምኩት ብቻ።”

“ደግ አድርገሻል” አሉ እናቷ፤ ምን እንዳስቆመች ሳይገባቸው። “የሚመጣው ወር ግን የማርያምወርቅ ቤት መጥተሽ እስከ መጨረሻው ታስተናግጃለሽ። ካሳ ነው።”

ሰኞ ደንበኛው ደወለ። ተቆጥቷል፣ ግን አልሄደም፤ ለሚቀጥለው ዙር እጠብቃለሁ አለ፤ የኃይል መስመሩን ሌላ ሰው ይሥራው የሚል ግዴታም አብሮ አስገባ። ግሩም ይህን የተናገረው በስብሰባ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። የኃይሉ ሥራ ለሶሬቲ ይሆናል፤ ትሕትና የመልእክት መስመሮቹን ትይዛለች። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው የለም። ትሕትና እሺ አለች። ዕቃዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ተዛወረች።

ሶሬቲ አዲስ ንድፍ ከፈተች። በዚያ ቢሮ፣ በሌላውም ቢሮ፣ ሰው የኃይል መስመር ማስመር የሚጀምረው ኃይሉ ከሚገባበት ወገን ነው፤ ሰፊ ቦታ ያለውም እዚያ ነው። ሶሬቲ ግን በባዶው ንድፍ ላይ አልፋ አልፋ እስከ ጥጉ ድረስ ሄደችና ቆመች። ከዚያ ወንበሯን አዞረች።

“ነይ እስቲ” አለቻት። “ከመጨረሻው ቤት እንጀምር።”

ትሕትና ወንበሯን እየጎተተች ሄደች።